«ዘ ሳውንድ ኦፍ ሙዚክ» በፊልምና በቴሌቪዥን

«ዘ ሳውንድ ኦፍ ሙዚክ» (ትርጉሙ «የሙዚቃ ድምፅ») በ1959 በኒው ዮርክ ከተማ በብሮድዌይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ አሜሪካዊ ሙዚቃዊ ተውኔት ነው። የዜማው ደራሲ ሪቻርድ ሮጀርስ፣ የዘፈን ግጥሞቹ ደራሲ ደግሞ ኦስካር ሃመርስታይን 2ኛው ናቸው። በ1965 ወደ ፊልም ከተቀየረ በኋላ በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁ ሙዚቃዊ ሥራዎች አንዱ ሆኗል። በዚህም ምክንያት ሌሎች ፊልሞችና የቴሌቪዥን ዝግጅቶች ዘፈኖቹን፣ ገጸ ባሕርያቱንና ትዕይንቶቹን ደጋግመው ይጠቅሷቸዋል፤ አንዳንዱ ለቀልድ፣ አንዳንዱ ለናፍቆት፣ አንዳንዱም ለከባድ ቁም ነገር።

የተውኔቱ ታሪክ ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው ተራራ፣ ልጆች፣ ዘፈንና ፍቅር ያሉበት ደስተኛ ታሪክ ነው። ሁለተኛው ናዚ ጀርመን ኦስትሪያን በ1938 ስትጠቀልል አንድ ቤተሰብ አገሩን ጥሎ የሚሰደድበት ታሪክ ነው። ተውኔቱን የሚጠቅሱ ሥራዎች አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ገጽታ ብቻ ይወስዳሉ። ጥቂቶቹ ግን ሁለተኛውን መልሰው ያነሳሉ። ስለዚህ አንድ ሥራ ተውኔቱን ሲጠቅስ የትኛውን ገጽታ እንደወሰደ ማየት ጥቅሱ ምን ለማለት እንደተፈለገ ለመረዳት ይረዳል።

በዚህ መጣጥፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የታሪኩ ይዘት

ታሪኩ የሚካሄደው በኦስትሪያ፣ በሳልዝቡርግ ከተማና በአካባቢዋ ነው። ማሪያ ለመመንኮስ በገዳም የምትኖር ወጣት ናት። ሕግ ማክበር ስለሚያስቸግራት እመ ምኔቷ ሚስቱ ለሞተችበት ለካፒቴን ጌኦርግ ፎን ትራፕ ሰባት ልጆች ሞግዚት እንድትሆን ይልኳታል። ካፒቴኑ ጡረታ የወጣ የባሕር ኃይል መኮንን ሲሆን ልጆቹን በፉጨት እየጠራ እንደ ወታደር ያሰልፋቸዋል። ማሪያ ልጆቹን መዝፈን ታስተምራቸዋለች፤ ቤቱም ይለወጣል፤ በመጨረሻም ካፒቴኑና ማሪያ ይጋባሉ።

ከሠርጉ በኋላ ናዚዎች ኦስትሪያን ይቆጣጠራሉ። ካፒቴኑ በጀርመን ባሕር ኃይል እንዲያገለግል ይታዘዛል። እርሱ ግን ይህን ስለማይቀበል ቤተሰቡ በአንድ የሙዚቃ ውድድር ላይ ከዘፈነ በኋላ ተሰውሮ ያመልጣል።

አመጣጥ

ተውኔቱ የተመሠረተው ማሪያ ፎን ትራፕ በ1949 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ላይ ነው። ከተውኔቱ አስቀድሞ በዚሁ መጽሐፍ ላይ ተመሥርተው በምዕራብ ጀርመን በ1956 እና በ1958 ሁለት ፊልሞች ተሠርተው ነበር። የብሮድዌዩ ተውኔት ድርሰት የሃዋርድ ሊንድሴይና የራስል ክራውስ ነው። በኅዳር 16 ቀን 1959 ሲከፈት ሜሪ ማርቲን እንደ ማሪያ፣ ቲዮዶር ቢኬል እንደ ካፒቴኑ ተጫውተዋል። ተውኔቱ 1,443 ጊዜ ታይቷል፤ ለምርጥ ሙዚቃዊ ተውኔት የሚሰጠውንም የቶኒ ሽልማት ከ«ፊዮሬሎ!» ጋር ተጋርቷል። ሃመርስታይን በነሐሴ 1960 ስላረፈ ይህ ከሮጀርስ ጋር የሠራው የመጨረሻ ተውኔት ነው።

የ1965ቱ ፊልም በሮበርት ዋይዝ ተዘጋጅቶ ጁሊ አንድሪውስና ክሪስቶፈር ፕለመር ተጫውተውበታል። የምርጥ ፊልም ሽልማትን ጨምሮ አምስት ኦስካሮችን አግኝቷል። በገቢም በጊዜው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ይዞት የነበረውን የመሪነት ስፍራ ወስዷል።

የመድረኩና የፊልሙ ልዩነት

ኋላ የመጡ ሥራዎች የሚጠቅሱት አብዛኛውን ጊዜ ፊልሙን እንጂ መድረኩን አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ትንሽ አይደለም።

በመድረኩ ላይ «ማይ ፌቨሪት ቲንግስ» (የምወዳቸው ነገሮች) የሚለውን ዘፈን ማሪያ የምትዘፍነው በገዳሙ ውስጥ ከእመ ምኔቷ ጋር ነው። በፊልሙ ላይ ግን ነጎድጓድ ያስፈራቸውን ልጆች ለማጽናናት ትዘፍነዋለች። በመድረኩ ላይ በነጎድጓዱ ሌሊት የሚዘፈነው ስለ ብቸኛው የፍየል እረኛ የሚናገረው ዘፈን ነው፤ ይህም በፊልሙ ላይ ወደ አሻንጉሊት ትርኢት ተዛውሯል።

ዋናው ልዩነት ግን የፖለቲካው ጉዳይ ነው። በመድረኩ ላይ ካፒቴኑና እጮኛው ኤልሳ የሚለያዩት በናዚዎች ጉዳይ ስለማይስማሙ ነው። ኤልሳና ማክስ የተባለው ወዳጃቸው ከመጪው ኃይል ጋር ተስማምቶ መኖር እንደሚሻል በዘፈን ይመክሩታል፤ እርሱ ግን እንቢ ይላል። ፊልሙ ይህን ዘፈን አስወጥቶታል፤ መለያየቱም የፍቅር ጉዳይ ብቻ ሆኗል። ትልቋን ልጅ ሊዝልን የሚወደው ሮልፍ የተባለው ወጣትም በሁለቱ ይለያያል። በመድረኩ ላይ ሮልፍ ናዚ ቢሆንም ሊዝልን ሲያይ ቤተሰቡን ሳያጋልጥ ያልፋል። በፊልሙ ላይ ግን ፊሽካ ነፍቶ ያጋልጣቸዋል።

በዚህ መሠረት ፊልሙ ራሱ ከመድረኩ የፖለቲካ ክርክሩን ቀንሶ ተራራውንና ልጆቹን አጉልቷል። ፊልሙን የሚጠቅሱ ሥራዎችም ከዚያ ጉልህ ክፍል ይጀምራሉ።

ከፊልሙ የቀደመው ቧልት

ከጥንቶቹ የቴሌቪዥን ቧልቶች አንዱ የተሠራው ፊልሙ ከመውጣቱ ሦስት ዓመት በፊት ነው። በሰኔ 1962 «ጁሊ ኤንድ ካሮል አት ካርኔጊ ሆል» የተባለ ዝግጅት በአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ተላለፈ። በዚህ ዝግጅት ውስጥ ጁሊ አንድሪውስና ቀልደኛዋ ካሮል በርኔት «የፕራት ቤተሰብ» በሚል ስም በትራፕ ቤተሰብ መዘምራን ላይ ቀልደዋል። የተቀለደበት የብሮድዌዩ ተውኔት ከልክ ያለፈ ጣፋጭነት፣ የልጆቹ ብዛትና የማያቋርጥ ፈገግታቸው ነበር።

ይህ ጥቅስ የሚያስገርመው በተዋናይቷ ምክንያት ነው። በ1962 በማሪያ ላይ የቀለደችው ጁሊ አንድሪውስ በ1965 ራሷ ማሪያን ሆና ተጫወተች፤ ዛሬም በዓለም ዙሪያ የማሪያ መልክ ተብሎ የሚታወቀው የእርሷ መልክ ነው። ተውኔቱ «በጣም ጣፋጭ ነው» የሚለው ትችት ከፊልሙ በኋላ የመጣ ሳይሆን ከመጀመሪያው አብሮት የነበረ መሆኑንም ያሳያል።

የተራራው ትዕይንት

ከፊልሙ ሁሉ በብዛት የሚኮረጀው መክፈቻው ነው። ካሜራው ከአየር ላይ በተራሮች መካከል ያልፍና አንዲት ሴት እጆቿን ዘርግታ በአረንጓዴ መስክ ላይ ስትሽከረከር ያሳያል፤ ከዚያም የርእሱን ዘፈን ትጀምራለች። ትዕይንቱ የተቀረጸው ከሄሊኮፕተር ሲሆን አንድሪውስ ሄሊኮፕተሩ በሚያስነሳው ነፋስ ደጋግማ ትወድቅ እንደነበር ተናግራለች። የኦስትሪያ ምሳሌ ተደርጎ የሚታየው ይህ መስክ የሚገኘው ግን በኦስትሪያ ሳይሆን ከድንበሩ ማዶ በጀርመን ባቫሪያ ነው።

ትዕይንቱ ለኩረጃ የሚመችበት ምክንያት ግልጽ ነው። አንድ ቀልደኛ ኮረብታ ላይ ወጥቶ እጁን ዘርግቶ ቢሽከረከር ተመልካቹ ያለ አንዳች ቃልና ያለ አንዳች ዜማ ይረዳዋል። ዘፈኖቹ በባለቤትነት መብት የተጠበቁ ስለሆኑ ዜማውን ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል። ሽክርክሩ ብቻውን ግን ዜማውን ሳይነካ መልእክቱን ያደርሳል።

ከምስሉ ይልቅ ዘፈኑን በመጠቀም የሚታወቀው ባዝ ሉርማን ያዘጋጀው የ2001ዱ «ሙላን ሩዥ!» ፊልም ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በፓሪስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ጥቂት ድሃ አርቲስቶች ለአዲስ ትርኢታቸው የሚሆን የመጀመሪያ ስንኝ ይፈልጋሉ፤ ሁሉም የሚያቀርበው ቃል አይጥምም። ከዚያ ኢዋን ማክግሬጎር የሚጫወተው ወጣቱ ጸሐፊ ክሪስቲያን የ«ዘ ሳውንድ ኦፍ ሙዚክ»ን መክፈቻ በድንገት ይዘፍናል፤ ሁሉም ይደነቃሉ። ዘፈኑ የተጻፈው ታሪኩ ከሚካሄድበት ዘመን 60 ዓመት ያህል ዘግይቶ መሆኑን ተመልካቹ ያውቃል፤ ቀልዱም የሚሠራው በዚህ ነው። ሆኖም ፊልሙ በዘፈኑ ላይ አያሾፍም። ዛሬ ሁሉም ሰው ከልማድ ብዛት የሰለቸው ስንኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ምን ያህል አዲስ ሊሆን እንደሚችል ለማሳየት ይጠቀምበታል።

«የምወዳቸው ነገሮች» በእስር ቤት

«ማይ ፌቨሪት ቲንግስ» በሐዘንና በፍርሃት ጊዜ ደስ የሚሉ ነገሮችን መቁጠርን የሚመለከት ዘፈን ነው። በግጥሙ ውስጥ የክረምትና የስጦታ ምስሎች ስላሉበት በአሜሪካ ከጊዜ በኋላ የገና ዘፈን ሆኗል፤ በገና ሰሞን በሚቀርቡ ዝግጅቶችና አልበሞች ላይ ይሰማል። በተውኔቱ ውስጥ ግን ዘፈኑ ከገና በዓል ጋር የተያያዘ አይደለም።

ዘፈኑን ወደ መነሻው ሐሳብ፣ ማለትም ወደ ፍርሃት፣ የመለሰው የዴንማርኩ ዳይሬክተር ላርስ ፎን ትሪየር የ2000 ፊልም «ዳንሰር ኢን ዘ ዳርክ» ነው። አይስላንዳዊቷ ድምፃዊት ቢዮርክ የምትጫወተው ሴልማ ከቼኮስሎቫኪያ ወደ አሜሪካ የተሰደደች የፋብሪካ ሠራተኛ ናት። የዓይኗ ብርሃን እየጠፋ ነው፤ ልጇም ተመሳሳይ በሽታ ስላለበት ለሕክምናው ገንዘብ ታጠራቅማለች። የሙዚቃ ፊልም በጣም ትወዳለች፤ በሰፈሯ አማተር ቡድን ውስጥም የማሪያን ሚና ትለማመዳለች። ታሪኩ የሚካሄደው በ1964 በመሆኑ የጁሊ አንድሪውስ ፊልም ገና አልወጣም፤ ስለዚህ ሴልማ የምትለማመደው የመድረኩን ተውኔት ነው።

ኋላ ሴልማ ሞት ተፈርዶባት ብቻዋን ትታሰራለች። ለመኖር ከሙዚቃ ድምፅ ጋር የለመደችው ሴልማ ዝምታው ያስጨንቃታል። በክፍሏ ውስጥ ሆና «ማይ ፌቨሪት ቲንግስ»ን በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ለብቻዋ ትዘፍናለች። ነጎድጓድ የፈሩ ልጆችን ያጽናና የነበረ ዘፈን እዚህ ሞትን ለምትጠብቅ ሴት ይቀርባል፤ መጽናናቱ ግን በቂ አይደለም። ፊልሙ በ2000 የካን ፊልም ፌስቲቫል የወርቅ ዘንባባን አግኝቷል፤ ቢዮርክም በምርጥ ተዋናይትነት ተሸልማለች።

ኤዴልቫይስ

«ኤዴልቫይስ» በአልፕስ ተራሮች ላይ የሚበቅል ነጭ አበባ ስም ነው። በተውኔቱ ውስጥ ካፒቴኑ አገሩን የሚሰናበትበት አጭር ዘፈን ርእስ ሆኗል። ብዙ ሰዎች ይህን ዘፈን ጥንታዊ የኦስትሪያ ሕዝብ ዘፈን፣ አንዳንዶችም የኦስትሪያ ብሔራዊ መዝሙር አድርገው ይገምታሉ። ይህ ስሕተት ነው። ዘፈኑን በ1959 ለተውኔቱ የጻፉት ሮጀርስና ሃመርስታይን ናቸው፤ ሃመርስታይንም ከመሞቱ በፊት የጻፈው የመጨረሻው የዘፈን ግጥም ነው።

በመድረኩ ላይ ዘፈኑ የሚሰማው በመጨረሻው የሙዚቃ ውድድር ላይ ብቻ ነው። አዳራሹ በናዚዎች ቁጥጥር ሥር እያለ ካፒቴኑ ስለ አንዲት ትንሽ አበባ ይዘፍናል። በግጥሙ ውስጥ ፖለቲካ የለም፤ ነገር ግን አገሩ የተወሰደበት ሰው በገዢዎቹ ፊት የአገሩን ስም ባርኮ ሲዘፍን ትርጉሙ ለሁሉም ግልጽ ነው። ፊልሙ ዘፈኑን ሁለት ጊዜ ያሰማል፤ መጀመሪያ በቤት ውስጥ ለልጆቹ፣ ኋላም በውድድሩ ላይ።

ከ2015 እስከ 2019 በአራት ምዕራፍ የቀረበው የአማዞን ተከታታይ ድራማ «ዘ ማን ኢን ዘ ሃይ ካስል» ይህን ዘፈን የመክፈቻ ሙዚቃው አድርጎታል። ድራማው በፊሊፕ ኬ. ዲክ የ1962 ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተ ሲሆን ናዚ ጀርመንና ጃፓን ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት አሸንፈው አሜሪካን የተከፋፈሉበትን ዓለም ያሳያል። በመክፈቻው ላይ የአሜሪካ ካርታና ታላላቅ ሐውልቶች ከናዚ ምልክቶች ጋር ተቀላቅለው ይታያሉ፤ ስዊድናዊቷ ድምፃዊት ዣኔት ኦልሰንም ኤዴልቫይስን ቀስ ብላ፣ በሹክሹክታ በቀረበ ድምፅ ትዘፍነዋለች።

በዚህ መክፈቻ ላይ ከዘፈኑ አንድም ቃል አልተለወጠም፤ የተለወጠው አገሩ ነው። በተውኔቱ ውስጥ የተወረረችው ኦስትሪያ ነበረች፤ በድራማው ግን ዘፈኑ የተጻፈባት አገር ራሷ ተወራለች። ዘፈኑን ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ እሹሩሩ የሚያውቀው ተመልካች ዘፈኑ ከመጀመሪያው ስለ ወረራ መሆኑን እንዲያስታውስ ይገደዳል።

የሮልፍ መለዮ

ሁለቱን ገጽታዎች በቀልድ መልክ የሚያገናኝ ሥራ በ2005 የወጣው «ዘ ፓሲፋየር» የተባለው የቤተሰብ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ አዳም ሻንክማን ነው። ቪን ዲዝል የሚጫወተው የባሕር ኃይል ልዩ ጦር አባል አምስት ልጆችን በቤታቸው እንዲጠብቅ ይታዘዛል። ልጆቹን እንደ ወታደር ለማዘዝ ይሞክራል፤ አይሳካለትም፤ ቀስ በቀስ ግን ይወዳቸዋል፤ እነርሱም ይወዱታል።

አካሄዱ የ«ዘ ሳውንድ ኦፍ ሙዚክ» አካሄድ ነው፤ ልዩነቱ ካፒቴኑና ሞግዚቷ አንድ ሰው መሆናቸው ነው። ፊልሙም ይህን ዝምድና አይደብቅም። ከልጆቹ አንዱ ሴት ጠጉሩን ወርቃማ ቀለም ይቀባል፤ በትምህርት ቤት ሳጥኑ ውስጥም የናዚ ምልክት ያለበት የክንድ መታጠቂያ ይገኝበታል። ትልልቆቹ ልጁ ወደ ክፉ መንገድ የገባ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ልጁ በድብቅ በአማተር ቡድን በሚዘጋጀው «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሙዚክ» ውስጥ ሮልፍን ሆኖ ሊጫወት እየተለማመደ ነበር። ወታደሩም በመጨረሻ ተውኔቱን ራሱ ያዘጋጃል።

ቀልዱ የሚሠራው ተመልካቹ በታሪኩ ውስጥ ናዚዎች መኖራቸውን ለአፍታ ስለሚረሳ ነው። «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሙዚክ» ሲባል ተራራና ልጆች ይታወሳሉ፤ የክንድ መታጠቂያው ግን ከዚያው ታሪክ የመጣ ነው።

ዶ-ሬ-ሚ

«ዶ-ሬ-ሚ» ማሪያ ልጆቹን የሙዚቃ ኖታ ስሞች የምታስተምርበት ዘፈን ነው። የአብዛኞቹ ኖታዎች ስሞች በ11ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጣሊያናዊው መነኩሴ ጉዊዶ ዘአሬዞ ከአንድ የላቲን መዝሙር ስንኞች መጀመሪያ የወሰዳቸው ናቸው። የሃመርስታይን ግጥም አብዛኞቹን ስሞች ድምፃቸው ከሚመስላቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ጋር ያያይዛቸዋል። ስለዚህ ዘፈኑን ቃል በቃል ወደ ሌላ ቋንቋ መተርጎም አይቻልም፤ በየቋንቋው አዲስ ቃላት መፈለግ ግድ ነው።

በ1972 በጉልዛር የተዘጋጀው የሂንዲ ፊልም «ፓሪቻይ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ታሪኩ ከ«ዘ ሳውንድ ኦፍ ሙዚክ» ጋር ይመሳሰላል፤ ጥብቅ የሆኑ ጡረተኛ ኮሎኔል አምስት የልጅ ልጆቻቸውን የሚያስተምር ሰው ይቀጥራሉ፤ መምህሩም በሙዚቃ ልባቸውን ያገኛል። መምህሩ ግን ሴት ሳይሆን ወንድ ነው፤ ጂተንድራ ተጫውቶታል። አር. ዲ. ቡርማን በደረሰው ዘፈንም ልጆቹ የሚማሩት ዶ-ሬ-ሚን ሳይሆን የሕንድን የኖታ ስሞች ሳ-ሬ-ጋ-ማን ነው። ሐሳቡ ተወስዶ ይዘቱ በአገሩ ሙዚቃ ተተክቷል ማለት ነው።

በመጋቢት 2009 ደግሞ በቤልጅየም በአንትወርፐን ማዕከላዊ የባቡር ጣቢያ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች በመንገደኞች መካከል በድንገት በ«ዶ-ሬ-ሚ» ጨፍረዋል። ይህ ለአንድ የቤልጅየም ቴሌቪዥን ዝግጅት ማስታወቂያ የተዘጋጀ ሲሆን ቪዲዮው በኢንተርኔት ላይ በሰፊው ተሰራጭቷል።

ማሪያን ፍለጋ

የአንትወርፐኑ ጭፈራ ያስተዋወቀው ዝግጅት ማሪያን የምትጫወት አዲስ ተዋናይት የሚፈልግ ውድድር ነበር። የዚህ ዓይነቱ ውድድር የተጀመረው በብሪታንያ ነው። በ2006 ቢቢሲ ያስተላለፈው ውድድር ስሙን የወሰደው መነኮሳቱ «ማሪያን ምን እናድርጋት?» እያሉ ከሚወያዩበት ዘፈን ነው። ዓላማው አንድሩ ሎይድ ዌበር በለንደን ፓላዲየም ለሚያቀርበው ተውኔት መሪ ተዋናይት መምረጥ ሲሆን በተመልካቾች ድምፅ ኮኒ ፊሸር አሸንፋለች። በ2008 በካናዳም ተመሳሳይ ውድድር ተካሂዷል።

በታኅሣሥ 5 ቀን 2013 የአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን ተውኔቱን በቀጥታ ሥርጭት አቀረበ። ማሪያን የተጫወተችው የካንትሪ ሙዚቃ ድምፃዊቷ ካሪ አንደርዉድ ስትሆን ከ18 ሚሊዮን በላይ ተመልካቾች አይተውታል። ዝግጅቱ የተከተለው ፊልሙን ሳይሆን መድረኩን ነው። «ማይ ፌቨሪት ቲንግስ» ወደ እመ ምኔቷ ክፍል ተመልሷል፤ በፊልሙ ላይ የቀረው የኤልሳና የማክስ ዘፈንም ተዘፍኗል። ፊልሙን ብቻ ለሚያውቅ ተመልካች የተሳሳተ የሚመስለው ቅደም ተከተል እንዲያውም የመጀመሪያው ነበር። ዝግጅቱ በማግሥቱ ዓመታት ኤንቢሲ ሌሎች ተውኔቶችንም በቀጥታ እንዲያቀርብ መንገድ ከፍቷል።

ከሁለት ቀን በኋላ «ሳተርዴይ ናይት ላይቭ» የተባለው የቀልድ ዝግጅት በሥርጭቱ ላይ ቀለደ። ክሪስተን ዊግ ትንንሽ እጆች ያሏትን ዱኒስ የተባለች የቆየች ገጸ ባሕርይዋን ከልጆቹ አንዷ አድርጋ አቀረበቻት። ይህም እንደ 1962ቱ ቧልት የልጆቹን ፍጹም ቆንጆነትና ሥርዓት የሚያፈርስ ቀልድ ነው።

በየካቲት 2015 በተካሄደው የኦስካር ሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ ደግሞ የፊልሙ 50ኛ ዓመት ሲከበር ሌዲ ጋጋ ከፊልሙ ዘፈኖች የተወሰኑትን ዘፍናለች፤ ከዚያም ጁሊ አንድሪውስ ወደ መድረክ ወጥታ አቅፋታለች።

እውነተኛው ታሪክና የተራራው መንገድ

ጥቅሶቹ ሲደጋገሙ ተውኔቱና ፊልሙ የፈጠሯቸው ነገሮች እንደ እውነተኛ ታሪክ መታየት ጀምረዋል። ዋናው ምሳሌ ማምለጫው ነው። በፊልሙ መጨረሻ ቤተሰቡ ወደ ስዊዘርላንድ ለመግባት በእግሩ ተራራ ሲወጣ ይታያል። በእውነቱ ግን የትራፕ ቤተሰብ በ1938 ከኦስትሪያ የወጣው በባቡር ሲሆን የሄደውም ወደ ጣሊያን ነው። ካፒቴኑ የተወለደበት የዛራ ከተማ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ጣሊያን በመግባቱ የጣሊያን ዜግነት ነበረው። ከጣሊያንም ቤተሰቡ በመጨረሻ ወደ አሜሪካ ተሻግሯል። ስዊዘርላንድ ከሳልዝቡርግ በጣም ሩቅ ናት፤ በከተማዋ አጠገብ ያሉትን ተራሮች የሚሻገር ሰው የሚደርሰው ወደ ጀርመን ነው።

ሌሎችም ልዩነቶች አሉ። ማሪያ ወደ ቤቱ በ1926 የመጣችው ለሁሉም ልጆች ሞግዚት ሆና ሳይሆን ታማ የነበረችውን አንዷን ልጅ ለማስተማር ነው። ከካፒቴኑ ጋር የተጋቡት በ1927፣ ማለትም ናዚዎች ኦስትሪያን ከመያዛቸው 11 ዓመት በፊት ነው። የቤተሰቡን መዝሙር ይመራ የነበረው ፍራንዝ ቫስነር የተባለ ቄስ ሲሆን በተውኔቱ ውስጥ ቦታውን ማክስ የተባለው ልብ ወለዳዊ ሰው ወስዶታል። ልጆቹም አባታቸው እንደ ተውኔቱ ካፒቴን ቀዝቃዛ ሰው እንዳልነበረ ተናግረዋል።

ያልተለወጠው ነገር ውሳኔው ነው። እውነተኛው ጌኦርግ ፎን ትራፕም በጀርመን ባሕር ኃይል እንዲያገለግል ተጠይቆ እንቢ ብሏል፤ ቤተሰቡም ቤቱንና አገሩን ትቶ ተሰድዷል። በተራራ ላይ የሚሽከረከሩት ቧልቶች ይህን ክፍል አይነኩትም። «ዳንሰር ኢን ዘ ዳርክ» እና «ዘ ማን ኢን ዘ ሃይ ካስል» ግን እነዚያኑ የታወቁ ዘፈኖች ይዘው፣ ዘፈኖቹ መጀመሪያ የተጻፉት ለሚፈሩና አገራቸውን ለሚያጡ ሰዎች መሆኑን ያሳያሉ።